የጆን በሪጅ 29 ክለቦችና የታማኝነት ጥያቄ

ጆን በሪጅ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1951 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በወርኪንግተን ከተማ አካባቢ የተወለደ ግብ ጠባቂ ነው። በ1969 በዚያው በወርኪንግተን ክለብ ጀምሮ በ1997 ጓንቱን እስኪያወልቅ ድረስ፣ በውሰት የሄደባቸውና ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የቆየባቸው ሳይቀሩ ሲቆጠሩ 29 ክለቦች ይጠቀሱለታል። በሊግ ጨዋታ ብቻ ከ700 ጊዜ በላይ ተሰልፏል። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድንን ማልያ ግን አንድም ቀን አልለበሰም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የስፖርት ጋዜጦች ይህን ታሪክ እንደ ጉድ ያወሩታል። ለሥነ ምግባር ፍልስፍና ግን ቁም ነገር አለበት፦ ዕድሜውን ቤት ሲቀያይር የኖረ ሰው ታማኝ ሊባል ይችላል ወይ? ከተባለስ ታማኝነቱ ለማን ነው?

እግር ኳስ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለው፤ ታማኝ ማለት በአንድ ማልያ ጀምሮ በዚያው የጨረሰ ነው። ሌቭ ያሺን ከ1950 እስከ 1970 ከዳይናሞ ሞስኮ አልወጣም። ቴድ ሳጋር ከ1929 እስከ 1953 የኤቨርተን በረኛ ነበር። ዘዋሪው ተጫዋች ደግሞ ወይ ገንዘብ አሳዳጅ ነው፣ ወይ የትም የማይፈለግ። ይህ ሚዛን ግን ሲመረመር ብዙ አይቆምም። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ አንድ ተጫዋች ክለቡን እንደ ልቡ መቀየር የሚችልበት ገበያ አልነበረም። በእንግሊዝም ቢሆን ክለቡ የተጫዋቹን ምዝገባ ውሉ ካለቀ በኋላ እንኳ ይዞ ማቆየት ይችል ነበር፤ ተጫዋቹ ጆርጅ ኢስትሃም ኒውካስልን ከስሶ በ1963 እስኪረታ ድረስ ሕጉ ይህ ነበር። ሳጋር ኤቨርተንን ይወድ እንደነበር መጠርጠር አያስፈልግም። ነገር ግን በሩ በተቆለፈ ቤት ውስጥ የቀረን ሰው በመቅረቱ ብቻ ማመስገን ቸኩሎ መፍረድ ነው።

የበሪጅ መንገድ በሩ ከተከፈተ በኋላ የመጣ ነው። ብላክፑል በ1971 ቦሎኛን በገዛ ሜዳው 2 ለ 1 ረትቶ የአንግሎ ኢጣሊያ ዋንጫን ሲወስድ ግቡ ላይ የቆመው የ19 ዓመቱ በሪጅ ነው። በ1975 ወደ አስቶን ቪላ ተዛወረ። ቪላ የ1977ቱን ሊግ ካፕ ለማንሣት ኤቨርተንን ሦስት ጊዜ መግጠም ነበረበት፤ ዌምብሌይ ላይ 0 ለ 0፣ ሂልስቦሮ ላይ 1 ለ 1፣ በመጨረሻም ኦልድ ትራፎርድ ላይ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2። ከዚያ በአሰልጣኝ ቴሪ ቬነብልስ ሥር የነበረው ክሪስታል ፓላስ አለ፤ በ1979 የሁለተኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮን የሆነው በ42 ጨዋታ 24 ግብ ብቻ ተቆጥሮበት ነው። ቀጥሎ ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ፣ ከዚያ ዎልቭስ። ዎልቭስ በ1982 ሊፈርስ ጥቂት ሲቀረው የተረፈ ክለብ ነበር፤ በ1983 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ወጣ፣ በ1984 ተመልሶ ወረደ፣ በሪጅም መውጣቱንም መውረዱንም አየ። ሼፊልድ ዩናይትድ፣ ሳውዝሃምፕተንና ኒውካስል ተከተሉ። በ1991 ወደ ስኮትላንዱ ሂበርኒያን ሄደ። ክለቡ ከአንድ ዓመት በፊት በከተማው ባላንጣ በሃርትስ ሊቀመንበር ተገዝቶ ከመጥፋት በደጋፊዎቹ ተቃውሞ የተረፈ ነው፤ በ1991 ጥቅምት ላይ ደንፈርምሊንን 2 ለ 0 አሸንፎ የስኮትላንድ ሊግ ካፕን አነሣ። በሪጅ 40 ዓመት ሊሞላው ወር ከምናምን ቀርቶት ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ በክብር ያቆም ነበር። በሪጅ ግን ከ1993 በኋላ ባሉት አራት ዓመታት ከደርዘን በላይ ክለቦች አዳረሰ፤ አበርዲን፣ ስካርቦሮ፣ ሊንከን፣ ፎልከርክ፣ ዳርሊንግተን፣ እያለ እስከ ታችኞቹ ሊጎች ድረስ። ከእነዚህ መካከል ማንቸስተር ሲቲ አለ። ግንቦት 14 ቀን 1995 ከኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ጋር ሲጫወት ዕድሜው 43 ዓመት ከ162 ቀን ነበር፤ በፕሪሚየር ሊግ ታሪክ ከተሰለፉት ሁሉ አንጋፋው ያደረገውም ይህ ጨዋታ ነው። ሲቲ ያን ቀን 3 ለ 2 ተሸንፏል።

ይህ ሁሉ መዘዋወር ከጠባይ ብቻ የመጣ አይደለም። አንድ ቡድን ሁለት አጥቂ፣ አራት ተከላካይ ያሰልፋል፤ በረኛ ግን አንድ ነው። ቦታውን የተነጠቀ በረኛ ወደ ክንፍ ወይም ወደ አማካይ ተገፍቶ አይጫወትም፤ ያለው ምርጫ መቀመጥ ወይም መሄድ ነው። በዚያ ላይ የእንግሊዝ ሊግ ተቀያሪ የፈቀደው በ1965 ሲሆን ለብዙ ዓመታት አንድ ብቻ ነበር፤ ያን አንድ ቦታ ለበረኛ የሚሰጥ አሰልጣኝ የለም ማለት ይቻላል። ተጠባባቂ በረኛ በወንበሩ ላይ መደበኛ ቦታ ያገኘው ፕሪሚየር ሊግ በ1992 ሲጀመር ነው። ስለዚህ አንድ ክለብ በረኛው ማክሰኞ ዕለት ጣቱ ቢሰበር ለቅዳሜ የሚደርስ ሰው በስልክ ይፈልግ ነበር። በሪጅ በሥራ ዘመኑ ሁለተኛ አጋማሽ ስልኩ የሚደወልለት ሰው ነበር።

ስልኩ የሚደወልለት ለምን እንደሆነ የሚያስረዳው አሠራሩ ነው። የግብ ጠባቂ አሰልጣኝ የሚባል ሰው በአብዛኞቹ ክለቦች ባልነበረበት ዘመን በሪጅ ራሱን በራሱ ያሠለጥን ነበር። ከጨዋታ በፊት ሲያሟሙቅ የሚያሳየው የአክሮባት ትርኢት የባላጋራን ደጋፊ ሳይቀር ያስጨበጭባል። ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ሲያይ ባለቤቱ ሳያስበው ብርቱካን እንድትወረውርበት ያደርግ እንደነበር፣ አልጋ ላይም ጓንቱን አጥልቆ ይተኛ እንደነበር ራሱ ተርኳል። ይህ ዝርዝር ለሳቅ ይነገራል፤ ግን ስለ አንድ ነገር ማስረጃ ነው። ብርቱካኑን የሚቀልበው ለብላክፑል ወይም ለቪላ አይደለም። ክለቡ በተቀየረ ቁጥር ብርቱካኑ አይቀየርም።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆሳያ ሮይስ በ1908 ባሳተመው የታማኝነት ፍልስፍና ውስጥ ታማኝነትን የገለጸው ሰው ራሱን ለአንድ ዓላማ ወዶ፣ በተግባርና ሳያወላዳ መስጠት ብሎ ነው። በዚህ ፍቺ ክለብ የግድ አይደለም፤ ዓላማ ግን የግድ ነው። ሮይስ አንድ ቅድመ ሁኔታ ይጨምራል፤ ዓላማው ከግለሰቡ የሚበልጥና ሰዎችን እርስ በርስ የሚያስተሳስር መሆን አለበት። ግብ መጠበቅ እንዲህ ያለ ዓላማ ነው ወይስ የአንድ ሰው የግል አባዜ?

ለዚህ የተሻለ መልስ ያለው ፈላስፋው አላስዴር ማኪንታየር ነው። በ1981 ባወጣው “ከበጎነት በኋላ” በተሰኘ መጽሐፉ ማኪንታየር ቼዝ እንዲጫወት በከረሜላ ስለሚደለል ልጅ ያወሳል። ልጁ የሚጫወተው ለከረሜላው እስከሆነ ድረስ ቢያጭበረብር አይገርምም፤ ከረሜላ በሌላም መንገድ ይገኛልና። አንድ ቀን ግን ጨዋታው ራሱ የሚሰጠው ደስታ ይገለጥለታል፤ ከዚያ ወዲያ ቢያጭበረብር የሚያታልለው ራሱን ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ጥቅም፣ ማለትም ገንዘብ፣ ዝናና ሥልጣን፣ ለማንኛውም ሥራ ውጫዊ ነው። ሁለተኛው ውስጣዊ ነው፤ ሥራውን ራሱን በመሥራት ካልሆነ አይገኝም፤ አንዱ ሲያገኘው የሌላው ድርሻ አይቀንስም። ማኪንታየር እንዲህ ያሉ ውስጣዊ በጎ ነገሮች ያሉትን ሥራ ከሚሠራበት ተቋም ይለየዋል። ቼዝ አንድ ነገር ነው፣ የቼዝ ክለብ ሌላ። ሕክምና አንድ ነገር ነው፣ ሆስፒታል ሌላ።

ለግብ ጠባቂ ውስጣዊው ነገር ምንድን ነው? አጥቂ ብቻውን ኳስ እየገፋ ሲመጣ በረኛው መስመሩ ላይ ከቀረ ግቡ በግራም በቀኝም ሰፊ ነው። ሁለትና ሦስት እርምጃ ወደ ፊት ሲወጣ ማዕዘኑ ይጠባል፤ አብዝቶ ከወጣ ደግሞ ኳሷ በአናቱ ታልፋለች። መቼ መውጣት፣ የት መቆም፣ መቼ አለመንቀሳቀስ እንዳለበት የሚያውቀው አጥቂው እግሩን ከማንሣቱ በፊት ነው። ይህን ዕውቀት ገንዘብ አይገዛውም፣ ተመልካችም ብዙ ጊዜ አያየውም፤ ሌላ በረኛ ግን ያየዋል። ሮይስ የጠየቀው ማኅበር እዚህ ላይ አለ፤ ከያሺን ጀምሮ እስከ መንደር ሜዳ ድረስ በዚህ ዕውቀት የሚተዋወቁ ሰዎች። ዕውቀቱም ቆሞ አይጠብቅም። በ1992 ከጓደኛ እግር የተመለሰን ኳስ በእጅ መያዝ ሲከለከል በሪጅ 40 ዓመቱ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን በእጁ የሠራ ሰው በእግሩ እንደ አዲስ መማር ነበረበት።

በዚህ ዓይን ሲታይ ለክለብ ታማኝ መሆን ራሱ ጥያቄ ይነሣበታል። በሪጅ የጀመረበት ወርኪንግተን በ1977 ከሊጉ ተሰናብቶ ቦታውን ዊምብልደን ወሰደው። በ1993 የተጫወተለት ስካርቦሮ በ2007 በዕዳ ፈረሰ። ተቋም ይሸጣል፣ ይወርዳል፣ ይዘጋል፤ ሙያው ግን ይቀጥላል።

ይሁን እንጂ ዘዋሪነትን የሚኮንን አሮጌና ከባድ ክርክር አለ። ቅዱስ ቤኔዲክት በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው የገዳም ሥርዓት በመጀመሪያው ምዕራፉ አራት ዓይነት መነኮሳትን ይቆጥራል፤ ከሁሉ የከፉት በየገዳሙ ሦስትና አራት ቀን እያደሩ የሚዞሩት ናቸው ይላል። የፈቃዳቸውና የሆዳቸው ባሪያዎች ናቸው። ክሱ የሚነካው መዞሩን ብቻ አይደለም፤ ተግሣጽ ሲቃረብ የሚሄድ ሰው አይታረምም ማለቱ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ደግሞ ተቃራኒው ልማድ አለ። የቆሎ ተማሪ ዜማውን ከአንዱ መምህር፣ ቅኔውን ከሌላው፣ የመጻሕፍቱን ትርጓሜ ከሦስተኛው ለመማር አገር ያቋርጣል፤ ከዳተኛ የሚለው ግን የለም። ሁለቱን አስታርቆ መፍረድ ይቻላል፤ የሚጠየቀው ተጓዡ ከፈተና እየሸሸ ነው ወይስ ወደ ፈተና እየሄደ ነው የሚለው ነው። በሪጅ ክለብ የሚለቀው በአብዛኛው ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ ነው፤ የሚሄደውም በየሳምንቱ በሺዎች ፊት ስሕተቱ ወደሚቆጠርበት ቦታ ነው። በቤኔዲክት ሚዛን እንኳ ቢሆን ከሸሺዎቹ ጋር መመደቡ አይገባውም።

እስከዚህ ድረስ መልሱ ለበሪጅ የሚያደላ ይመስላል። የሚከብደው የሚቀጥለው ነው። አሪስቶትል በሜታፊዚካ ውስጥ ሁለት ዓይነት ድርጊት ይለያል። ቤት መሥራት ፍጻሜው ከራሱ ውጭ ነው፤ ቤቱ ሲያልቅ ሥራው ያበቃል፣ ቤቱ ይቀራል። ማየት ግን በየቅጽበቱ ሙሉ ነው፤ የሚያይ ሰው አይቷል፤ ዓይኑ ሲከደን ግን ከማየቱ የሚቀር ነገር የለም። በረኛነት ወደ ሁለተኛው ያደላል። የተመለሰች ኳስ በዚያች ቅጽበት ሙሉ ናት፤ ምንም ግን አትተውም። አጥቂ 200 ግብ ቢያገባ ቁጥሩ በመዝገብ ይኖራል። በረኛ የሚተወው ያልገቡ ግቦችን ነው፤ ያልሆነ ነገር ደግሞ መዝገብ አይወጣለትም። ስሕተቱ ብቻ በውጤት ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ይህ ዓይነቱ ሥራ የሚያረካው እየተሠራ ሳለ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያን ሥራ ከሁሉ በላይ የወደደ ሰው የማቆሚያውን ቀን ቢገፋው፣ ከትልቅ ስታዲየም ወደ ትንሽ ሜዳ፣ ከትንሽ ሜዳ ወደ ይበልጥ ትንሽ ሜዳ ቢወርድ፣ ሞኝነት ሳይሆን የሥራው ጠባይ ነው።

በ1997 ቀኑ ደረሰ። በሪጅ በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ወደቀ፤ የአእምሮ ሕክምና ተቋም ገብቶ ለወራት ታከመ። ይህን በኋላ በአደባባይ የተናገረው ራሱ ነው፤ ብዙ ተጫዋቾች የሚደብቁትን ስለተናገረም ምስጋና ይገባዋል።

ለዣን ፖል ሳርትር ይህ አወዳደቅ አስቀድሞ የታወቀ ነው። በ1943 በታተመው “መሆንና አለመሆን” መጽሐፉ ውስጥ ስለ አንድ የካፌ አስተናጋጅ ይጽፋል፤ አካሄዱ የተጋነነ፣ ማጎንበሱ የበዛ፣ አስተናጋጅነትን የሚተውን ሰው። ራሱን እንደ ዕቃ አንድ ነገር ብቻ አድርጎ ስለሚያቀርብ ራሱን ያታልላል ይላል ሳርትር፤ ሰው ሥራውን ይሠራል እንጂ ጠረጴዛ ጠረጴዛ እንደሆነ ሁሉ ሥራውን አይሆንም። ጓንት አጥልቆ የሚተኛ በረኛ ለዚህ ትችት የተመቸ ይመስላል። ፍርዱ ግን ጠንካራ አይደለም። የሳርትር አስተናጋጅ የሚተውነው ለደንበኞች ዓይን ነው፤ አልጋ ውስጥ ደንበኛ የለም። ለአንድ ሥራ መላ ራስን መስጠት ሁሉ ራስን ማታለል ከተባለ ዕድሜውን ለቫዮሊን ወይም ለላቦራቶሪ የሰጠውም አብሮ ይከሰሳል። በእነዚህና በበረኛው መካከል ያለው ልዩነት የሐሳብ ሳይሆን የአካል ነው፤ ቫዮሊን በ70 ዓመት ይመታል፣ የመሬት ኳስ በ45 ዓመት ለማውጣት መውደቅ ግን ከባድ ነው። በረኛነትና ፍልስፍና በአንድ ላይ በተነሡ ቁጥር ስሙ የሚጠራው አልቤር ካሙም እዚህ ላይ አንድ ጥቅም አለው። ካሙ በአልጄርስ የወጣት ቡድን በረኛ ነበር፤ በ1930 በ17 ዓመቱ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት አቆመ። ሌላ ሰው ለመሆን ዕድሜው ሁሉ ከፊቱ ነበር። በሪጅ ግን ሲያቆም 45 ዓመቱ ነበር፤ ከ17 ዓመቱ ጀምሮ ሌላ ምንም አልነበረም።

እዚህ ላይ ክለብ ተመልሶ ይመጣል። ማኪንታየር ተቋማት በገንዘብና በሥልጣን ሙያን እንደሚያበላሹ ያስጠነቅቃል፤ ግን ያለ ተቋም ሙያ ብዙ እንደማይቆይም አበክሮ ይናገራል። በሪጅ ሳያስበው የዚህን ሁለተኛ ክፍል እውነትነት አሳየ። ክለብ ለሚቆይበት ሰው ሙያው ሊሰጥ የማይችለውን አንድ ነገር ይሰጣል፤ ኳስ መያዝ ካቃተህም በኋላ ስምህን የሚያውቅ ቤት። ብዙ ዓመት በአንድ ቦታ የቆየ ተጫዋች ሲያቆም በዚያው የወጣቶች አሰልጣኝ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ቢያንስ በየቅዳሜው ወንበር የሚያዝለት አዛውንት ይሆናል። በ29 ቤት የተከፋፈለ ሰው በእያንዳንዱ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። የያሺን ታማኝነት በግዴታ የታገዘ ቢሆንም ማረፊያ ሰጥቶታል፤ የበሪጅ ታማኝነት የበለጠ ነፃ ነበረ፣ መጦሪያ ግን አልነበረውም። የትኛው የበለጠ ታማኝ ነው ለሚለው ማኪንታየር ይመልስ ይሆናል፤ ማን ይጡረው ለሚለው ግን ሙያው መልስ የለውም።

በሪጅ ካገገመ በኋላ ወደ ኦማን ሄዶ የብሔራዊ ቡድኑ በረኞች አሰልጣኝ ሆነ። እዚያ ያገኘው ዓሊ አል ሐብሲ የሚባል ወጣት በአውሮፕላን ማረፊያ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር። በ2003 ወደ ኖርዌዩ ሊን፣ በ2006 ወደ ቦልተን ተዛወረ፤ በፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ኦማናዊም ሆነ። በ2009 ሙስካት ላይ ኦማን ሳዑዲ ዓረቢያን በፍፁም ቅጣት ምት ረትታ የባሕረ ሰላጤውን ዋንጫ ስትወስድ ግቡ ላይ የቆመው እሱ ነው። የአሪስቶትል ልዩነት እዚህ ላይ ትንሽ ይላላል፤ ኳስ መመለስ ምንም ባይተውም ኳስ መመለስን ማስተማር አንድ በረኛ ይተዋል። አልፎም ማኪንታየር ሙያ ካለፉት የሚወረስና ለሚመጡት የሚተላለፍ ነው ሲል የሚያስበው ይህንኑ ነው። ማስተማር ግን መጫወትን አይተካም፤ ከመስመር ውጭ የቆመ አሰልጣኝ ኳሷን ይተነብያታል እንጂ አይነካትም።

አል ሐብሲም በተራው ዘዋሪ ነበር፤ ከቦልተን ወደ ዊጋን፣ ከዚያ ወደ ሬዲንግ፣ በኋላም ወደ ሳዑዲው አል ሂላል ሄዷል። አንድ ነገር ግን ከአስተማሪው ይለየዋል። ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን ከ100 ጊዜ በላይ ተጫውቷል፤ ክለቡ የትም ይሁን የት በየጥቂት ወሩ የሚመለስበት አንድ ማልያ ነበረው። በሪጅ በ28 ዓመት የሥራ ዘመኑ ያላገኘው ይህን ነው።